ሰሃን ጨምሪልን

ኤርሚያስ መሞቱን የሰማሁት ኮልፌ ፌርማታ ታክሲ ተሰልፌ ሳለሁ ነው። የደወለችልኝ ሰብለ ናት፣ አብራው የምትሠራው ነርስ። "መምህርት ሐያት፣ ኤርሚያስ አረፈ" አለችኝ። ልቡ ነው አሉ፤ ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት አልተነሳም። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "ቅዳሜ ልመጣ ነበር እኮ!" አልኩ። ወላሂ፣ ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። ነፍስ ይማር ሳልል፣ እናቱስ እንዴት ሆኑ ሳልል፣ የራሴን ቅዳሜ አወራሁ። ሰልፉ ወደ ፊት ሄደ፤ ከኋላዬ የነበሩት ሴትዮ "ኧረ ተንቀሳቀሺ፣ የኔ እመቤት" አሉኝ። እኔ ግን ቀኝ ክንዴን በግራ እጄ ጨብጬ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ቅዳሜ ልሄድ የነበረው ይህን ክንዴን ላሳየው ነው። ያንን ቅዳሜ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳስተላልፈው ኖሬያለሁ። አሁን ይህን ስጽፍ ብዕሩን የያዝኩት በሦስት ጣት ነው። ትንሿና የቀለበት ጣቴ ታጥፈው ቀርተዋል፤ በሌላው እጄ ብጎትታቸውም መልሰው ይታጠፋሉ። ማንንም አልከስም ልል ነበር፤ ውሸት ነው፣ እከሳለሁ። ግን ከራሴ ነው የምጀምረው።

ኤርሚያስ የዘነበወርቅ ልጅ ነው። እናትና አባቱ በሥጋ ደዌ ምክንያት ከየቀያቸው ተገፍተው፣ ከደቡብ ምዕራብ አገር እስከዚህ ድረስ በእግርም በመኪናም መጥተው፣ እዚያ ባለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ታክመው፣ እዚያው ተዋውቀው ተጋብተው የቀሩ ሰዎች ናቸው። እሱን በሽታው አልነካውም። ተምሮ ጤና መኮንን ሆነ፣ ማስተርሱን ያዘ፣ ከዚያ ሌላው እንደሚያደርገው ሰፈር በመቀየር ፈንታ ተመልሶ እዚያው ዘነበወርቅ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ተቀመጠ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሐምሌም ሆነ ጥር አንድ ግራጫ ሹራብ የማያወልቅ ሰው ነበር። ከሸሚዙ ኪስ የጥጥ ክር አይጠፋም።

እኔ የኮልፌ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ምስማርና ቆርቆሮ ሲሸጥ ነው ያሳደገኝ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የጤና ክፍል ውስጥ ሥነ ምግብ አስተምራለሁ፤ የክፍላችን የመምህራን ቅጥር ኮሚቴ ጸሐፊም ነኝ። የእጅ ጽሑፌ አምሮ የተመረጥኩ እንዳይመስላችሁ። ሴትም ሙስሊምም ባንድ ወንበር ስለተገኘሁላቸው ነው። በዚያን ጊዜ ሌሎቹ አራቱ ወንዶች ነበሩ፣ አራቱም ድሮ የአንድ ፕሮፌሰር ተማሪዎች። ሲስሉ እንኳ ባንድ ዓይነት ነው የሚስሉት።

ከኤርሚያስ ጋር ያስተዋወቀን ታክሲ ነው። አንድ መስመር ላይ ስለምንመላለስ ሰላምታ ጀመርን። ሰውዬው ታዲያ ሲጨብጥ እጅ ቶሎ አይለቅም። አውራ ጣቱ በእጅሽ ጀርባ ላይ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ዓይኑ ደግሞ ፊትሽ ላይ ሳይሆን እጅሽ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን እጄን ነጥቄው፣ "ወንድም፣ ባለትዳር ነኝ" አልኩት። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እሱም ሳቀና "ይቅርታ፣ የሥራ አመል ሆኖብኝ ነው" አለ። ሰፈራችን ውስጥ ከሰው ፊት በፊት የሰው እጅ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን አብረን ከታክሲ ወርደን በብየዳ ቤቶቹ በኩል ስናልፍ፣ አንድ በያጅ የጋለ ብረት በባዶ እጁ ከመሬት አነሳ። ደንበኞቹ "ጀግና!" አሉት። እሱም "እኔን እሳት አይነካኝም" ብሎ ደረቱን ነፋ። ኤርሚያስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጠጋ ብሎ "ወንድሜ፣ እጅህን እስቲ" አለው። ጣቶቹ ላይ አሮጌም አዲስም ቃጠሎ ነበር። "ያምሃል?" አለው። "ቢያመኝ እይዘው ነበር?" አለ በያጁ እየሳቀ። ኤርሚያስ ግን አልሳቀም።

"የሚያምህን ተወው፤ የማያምህን ነው እኔ የምፈልገው" አለው።

በያጁ ተቆጣ፣ በደንበኛ ፊት አዋረደኝ ብሎ ሊማታ ሁሉ ቃጣው። ኤርሚያስ በማግስቱ ተመልሶ ሄደ። በሦስተኛውም ቀን ሄደ። የሚገዛው ነገር የለ፣ ዝም ብሎ በር ላይ ይቆማል። በመጨረሻ ሰውዬው ሰልችቶት ክሊኒኩ ድረስ ተከተለው፤ ሥጋ ደዌ ነበር፣ ገና ጅማሮው። ክኒኑን ወስዶ ዳነ። መንገዱ ሲሰፋ ሱቁ ፈረሰ እንጂ ሰውዬው ዛሬም ዐሥር ሙሉ ጣት ይዞ ሌላ ቦታ ይበይዳል። ያን ቀን ኤርሚያስን "አንተማ ሰው ማስፈራራት ትወዳለህ" ብዬው ነበር። "አዎ፣ ጊዜው ገና ሳለ" አለኝ።

እንግዲህ የኛ ክፍል የመምህር ቅጥር ሲያወጣ የተመዘገበው ይህ ሰው ነው። እኔ ነኝ ማስታወቂያውን ያሳየሁት። ይህንንም አልደብቅም።

ቅጥራችን አንድ ልማድ ነበረው። ተወዳዳሪው ናሙና ትምህርት ይሰጣል፣ ይጠየቃል፣ ከዚያ ኮሚቴው ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት ይዞት ይሄዳል። አንድ ትልቅ ትሪ በያይነቱ ይታዘዛል፤ ሁልጊዜም የጾም ነው፣ እኔም ከነሱ ጋር እንድበላ። ሰብሳቢያችን ዘወትር እጁን ዘርግቶ "ይኸውላችሁ ብዝኃነት! ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ባንድ ትሪ!" ይላል። እኔም በየጊዜው እስቃለሁ፣ ደመወዜ ውስጥ ያለ ይመስል። ውጤት መስጫው ወረቀት ላይ ደግሞ የመጨረሻው መስመር "መግባባት" ይላል፤ እሱ የሚሞላው ከምሳ በኋላ ነው። ከኛ ጋር የሳቀ፣ የተጎራረሰ፣ ቀልዳችን የገባው ሰው ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ይህ የትም አልተጻፈም፤ ሁላችንም ግን እናውቀዋለን።

ኤርሚያስ ሊያስተምር ሲቆም ክሩን ከኪሱ አወጣ። "የተከበራችሁ መምህራን፣ እጅጌያችሁን ሰብስቡና ዓይናችሁን ጨፍኑ። ክሩ የነካችሁን ቦታ በጣት ታሳዩኛላችሁ" አለ። ትልልቆቹ ዶክተሮች እንደ ልጅ እየተሳሳቁ ጨፈኑ። አንድ በአንድ ዞረ። ሁሉም በትክክል ያሳያሉ፤ "እዚህ፣ እዚህ፣ አሁን ደግሞ እዚህ።" የኔ ተራ ደረሰ። መዳፌን ነካኝ፣ አሳየሁ። አንጓዬን ነካኝ፣ አሳየሁ። ከዚያ የሚነካኝ ጠፋ። ጠበቅኩ። ምን ሆነ፣ ሄደ እንዴ ብዬ ዓይኔን ገለጥኩ።

አልሄደም። ክሩ ክንዴ ላይ ነበር። አንዲት ሳንቲም የምታህል ነጣ ያለች ቦታ አለችኝ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም፤ እሷ ላይ አሳርፎ ወዲያ ወዲህ ያደርገዋል። እኔ ምንም አይሰማኝም። ቀና ብዬ ሳየው እሱም እያየኝ ነው። "ስልኬ አሳስቦኝ ነው" ብዬ እጅጌዬን ጎተትኩ። በሰው ፊት አንዲት ቃል አልተናገረም። ክሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ትምህርቱን ቀጠለ።

ጥያቄ ሲደርስ ሰብሳቢው "ሰፈርህ የት ነው?" አለው። ሁሉንም የምንጠይቀው ነው፣ ለወግ።

"ዘነበወርቅ።"

"ቤት ተከራይተህ ነው ወይስ…?"

"ተወልጄ ያደግኩበት ነው። ወላጆቼ የሥጋ ደዌ ታካሚዎች ነበሩ። አባቴ አርፏል፤ እናቴ አብራኝ አለች" አለ፣ ስሙን እንደሚናገር ሰው።

አንዱ ብዕሩን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሌላው፣ ክሩ የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ማንም ያየው አልመሰለውም። እኔ አይቻለሁ። ኤርሚያስም አይቷል፣ እጅ ማየት ሥራው አይደል?

ምሳ ሄድን። እጅ ታጠብን፣ ትሪው መጣ፣ መሐል ተቀመጠ። ኤርሚያስ በወጉ "እንብላ" ብሎ እጁን ዘረጋ። ያኔ ሰብሳቢው አስተናጋጇን ጠራና እንዲህ አለ፦

"እህቴ፣ ሰሃን ጨምሪልን እስቲ። ዛሬ ለየብቻ ይሁን፣ እኔን ጉንፋን ይዞኛል።"

ከጠዋት ጀምሮ አንዴም አላስነጠሰም። ልብ በሉልኝ፣ አምስታችንም የጤና መምህራን ነን። ይህ በሽታ በሰሃን እንደማይተላለፍ፣ የታከመ ሰው ለማንም እንደማያስተላልፍ፣ ይልቁንም ይህ ፊታችን የተቀመጠው ሰው ከነጭራሹ እንዳልታመመ የምናውቅ፣ ከፈለግን ለፈተና ጥያቄ አድርገን የምናወጣ ሰዎች ነን። ሰሃኖቹ መጡ። አንዱ ተቀበለ፣ ሁለተኛው ተቀበለ። ለእኔም ተዘረጋልኝ። በሁለት እጄ ተቀብዬ "አመሰግናለሁ" አልኩ።

ኤርሚያስ ትሪውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሳይቸኩል ከፊቱ ያለውን በላ። ሰብሳቢው ቀልድ ነገረው፣ በጨዋነት ፈገግ አለ። ስንወጣ በሩ ላይ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "ሐያት፣ ያንን ክንድሽን አንድ ቀን ብቅ ብለሽ አሳዪኝ። አትቆዪ" አለኝ።

በጥፊ የተመታሁ ነው የመሰለኝ። ሰሃን ስለተቀበልኩ ሊበቀለኝ ነው አልኩ በሆዴ። ሟርቱን ወደ ራሱ! ቢሮ ገባሁና "መግባባት" የሚለው መስመር ላይ ካሉት ነጥቦች ሁሉ ዝቅተኛውን ሞላሁለት። አራቱ ምን እንደሞሉ አላየሁም፤ ማየትም አላስፈለገኝም። ቃለ ጉባኤው ላይ ከስሙ ትይዩ "ተጠባባቂ" ብዬ የጻፍኩት በዚሁ እጄ ነው። የቀጠርነው ከራሳችን ምሩቃን አንዱን ነው። ደህና ልጅ ነው፣ ጎበዝ። ሳሉ እንደነሱ ነው።

ከወር በኋላ ኤርሚያስ ቢሮዬ መጣ። ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ። "ስለ ቅጥሩ አይደለም፤ እሱን ተዪው" አለ። "አንድ ሰዓት ስጡኝ። በዓመት አንድ ሰዓት። ተማሪዎቹ ሳይመረቁ በፊት ክር መያዝ ላሳያቸው።"

"ፕሮግራሙ ሞልቷል ኤርሚያስ። ደግሞ እኮ በሽታው ጠፍቷል ነው የሚባለው፤ ባንድ ገጽ ታልፎ ነው የሚሄደው።"

"ጠፋ ያላችሁ ማነው?"

"ሁሉም ያውቃል።"

ወንበር ሳይስብ፣ ቆሞ፣ ድምፁን ሳያነሳ የተናገረውን አንዲት ቃል አልረሳሁም። "ሐያት፣ ጎበዞች ናችሁ፣ አልክድም። ችግሩ ሁላችሁም የማታውቁት ነገር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። አንዱ ያላየውን ሌላውም አላየም፤ ሌላው ያላየውን ተማሪው አያይም። እኔን ቅጠሩኝ አልልሽም። ግን ከእንደኔ ዓይነት ቤት የወጣ አንድ ሰው መሐላችሁ ይቀመጥ። ዓይነ ስውር የሆነ መምህር ይኑራችሁ። ከአርብቶ አደር መንደር የመጣች ትኑራችሁ። ለጌጥ አይደለም። 'ቆይ፣ ይሄንን እኔ አውቀዋለሁ' የሚል ሰው ከክፍላችሁ ከጠፋ፣ የምታስመርቋቸው ልጆች ቀስ እያሉ ሰው ይጎዳሉ፤ የተጎዳውም ሰው አያመውም፣ አይጮህም።"

የኔ ጆሮ ግን ያን እውነት ለመስማት አልተዘጋጀም ነበር። "ስብከቱን ለሰብሳቢው ንገረው" አልኩት።

"ክንድሽስ?" አለኝ በሩን ይዞ።

"ታየሁ። ቋቁቻ ነው ተባልኩ፤ ቅባት ሰጡኝ።"

"ማን ነው ያለሽ?"

"ሐኪም ነዋ! የራሴ ተማሪ የነበረ፣ ጎበዝ ልጅ!"

"እሱን ነው የምልሽ" አለና ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሌሎች ሐኪሞች አዩኝ። ሁለቱም የኛ ምሩቃን። ሁለቱም እጄን በአክብሮት ይዘው፣ "መምህርት፣ ይቺማ ቀላል ናት" ብለው ሌላ ሌላ ቅባት ጻፉልኝ። አንዳቸውም ክር አላወጡም፤ ማን አሳያቸውና? ነጯ ቦታ ሰፋች። ከክርኔ ወደ ታች የሆነ መደንዘዝ ጀመረኝ፤ ጠመኔ ከእጄ ይወድቃል፣ ቁልፍ ይወድቃል። "እርጅና ነው" እላለሁ። ቤት ውስጥ ደግሞ አዲስ ጉራ ተማርኩ። ድስት ያለ ጨርቅ ከምድጃ አወርዳለሁ፤ "የኮልፌ ሴት እሳት አትፈራም!" እያልኩ። አንድ ጠዋት ነፋሱ ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል ሆኖ ሽታውን እያመጣ መስኮት ዘግተን ሳለ፣ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ "እማዬ፣ ሌላ የሚሸት ነገር አለ" አለች። ዞር ብላ አየችኝና ጮኸች። የሚሸተው የኔ ጣት ነበር፤ ድስቱ ጠርዝ ላይ ተጣብቆ እያረረ፣ እኔ ስለ ገበያ አወራለሁ።

ያኔ በያጁ ትዝ አለኝ፤ አወቅሁ። የዚያኑ ቀን ኤርሚያስ ጋ መሮጥ ነበረብኝ፤ አልሮጥኩም። ሁለት ጊዜ ፌርማታው ላይ አይቼው፣ ጭማቂ ቤቱ በር ኋላ ተደብቄያለሁ። ይህን ያህል ዓመት የተማርኩ ሴትዮ፣ ቦርሳዬን አቅፌ፣ ታክሲው እስኪሄድ ቆሜ። ሰው ክኒን እንዴት ይፈራል ትሉ ይሆናል። ክኒኑን አይደለም የፈራሁት፣ ሰሃኑን ነው። ወርቅ የመሰለ ትሪ ፊቴ ተቀምጦ ሰብሳቢው ለእኔ ሲል አስተናጋጅ ሲጠራ በሕልሜ ሁሉ እሰማው ነበር። እንዲህ እያልኩ፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ እሄዳለሁ ስል፣ ሰውዬው ሞተ።

ለቅሶው ዘነበወርቅ፣ ግቢያቸው ውስጥ በተተከለ ድንኳን ነበር። ኮልፌ ግማሹ እዚያ ነው። በያጁን አየሁት፤ አጥሩን ተደግፎ እንደ ሕፃን ይነፈርቃል። የኤርሚያስን እናት እማማ አስካለን እስከዚያ ቀን በአካል አላውቃቸውም። ጥጉ ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጣቶቻቸው ከሥር ከሥሩ አልቀዋል። ጎንበስ ብዬ "እግዜር ያጥናዎት፣ እማማ" ስላቸው፣ "ነይ እዚህ ተቀመጪ፣ የኔ ልጅ" ብለው በሁለት መዳፋቸው ክንዴን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡኝ። የያዙት ቀኙን ነው። ንፍሮ ያለበት ሰሃን መጣ፤ "ከኔ ጋር ብዪ" አሉኝ። ከአንድ ሰሃን በላን። አንድ ጊዜ ዘግነው አፋቸው አደረጉ፣ ከዚያ እጃቸው ቆመ።

መዳፋቸው ክርኔ ላይ ነበር፣ ከኋላ በኩል። እዚያ ያለውን ጅማት፣ አብጦ ገመድ ያከለውን፣ ቀስ ብለው ተጫኑት። ከዚያ ጣቶቼን አዩ፤ ሁለቱ ያኔ መታጠፍ ጀምረው ነበር።

"ኤርሚያስ ያውቃል?" አሉኝ። ልጃቸው የሞተ አልመሰላቸውም።

"ነግሮኝ ነበር" አልኩ።

"መቼ?"

"ሦስት ዓመት ሆነው፣ እማማ።"

ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ክንዴን አልለቀቁም። ከዚያ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ "ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት በር ላይ ጠብቂኝ። እኔ ራሴ ነኝ ይዤሽ የምሄደው" አሉ።

"እማማ፣ እርስዎ ለቅሶ ላይ እኮ ነዎት! ሰብለ ትወስደኛለች…"

"ለቅሶው ይቆየኛል" አሉ። "ያንቺ ነው የማይቆየው።"

በማግስቱ ልጃቸውን በቀበሩ በሦስተኛው ቀን፣ እሳቸው በምርኩዝ፣ እኔ አፍሬ፣ ሆስፒታል ገባን። መድኃኒቱን አንድ ዓመት ዋጥኩ፤ አንዲት ሳንቲም አልተጠየቅሁም። ባሌም ልጄም ታዩ፣ ምንም የላቸውም። ተሕዋሲው ከላዬ ጠፋ፤ ገና በመጀመሪያዎቹ ክኒኖች ለማንም የማላስተላልፍ ሆንኩ። "ነርቩ ግን ሞቷል፤ ቀደም ብለሽ ብትመጪ ኖሮ…" አለኝ ሐኪሙ፤ አልጨረሰውም። ጣቶቹ የማይመለሱ ናቸው።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ወደ ባለፈው ሳምንት ለመድረስ ነው። ክፍላችን አዲስ ቅጥር አውጥቶ ነበር። ሰብለ ተመዘገበች፤ እሷም የዘነበወርቅ ልጅ ናት፣ እሷም ማስተርስ አላት፣ ኤርሚያስ በእጁ ያሠለጠናት። ናሙና ትምህርቷን ስትጀምር ከቦርሳዋ የጥጥ ክር አወጣች። ትምህርቷ ሲያልቅ እሷን ውጪ አስቀምጠን፣ ጸሐፊ ሆኜ ስኖር አንድም ቀን ያላደረግሁትን አደረግሁ፤ ተነስቼ ቆምኩ።

እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በሽታውን በስሙ ጠራሁት። "ሦስት ሐኪሞች አዩኝ፣ ሦስቱንም ያስመረቅናቸው እኛ ነን። በዚህ ሕንፃ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አወቀው፤ እሱን ደግሞ ተጠባባቂ ብለን መለስነው። ያንን ቃል የጻፈችው ይቺ እጅ ናት፣ እዩአት! ዛሬም ይቺን ልጅ ከመለስናት ቀጣዩ እጅ የማን ነው? የናንተ? የልጆቻችሁ?" ባለፈው ዓመት ከአራቱ የአንዱን ወንበር የተረከበችው ማህሌት፣ የድሮ ተማሪዬ፣ በኮሚቴው ሁለተኛዋ ሴት፣ እንባዋን በመዳፏ ትጠርጋለች። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ "እግዜር ይማርሽ፣ ሐያት። እውነትሽን ነው፤ ይህ ክፍል ሌላ ዓይን ያስፈልገዋል" አለ። አራቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ሞኟ፣ በቃ ሆነ አልኩ፤ ኤርሚያስ ሆይ፣ ዘገየሁ እንጂ ሰማሁህ አልኩ በልቤ።

የቀረው "መግባባት" የሚለው መስመር ነው። ሰብለን ይዘን ምሳ ሄድን። እጅ ታጠብን። ትሪው መጣ፣ በያይነቱ፣ መሐል ተቀመጠ። ማንም እስኪጋብዘኝ አልጠበቅኩም፤ "ቢስሚላህ" ብዬ ይህን እጄን፣ ሁለት ጣቱ የታጠፈውን፣ ከሁሉ በፊት ትሪው ላይ አሳረፍኩ። ሰብለ ከጎኔ እጇን ዘረጋች።

ሌላ እጅ አልመጣም።

"እህቴ" አለ ሰብሳቢው ወደ አስተናጋጇ ዞሮ፣ "ሰሃን ጨምሪልን እስቲ።" በዚህኛው ቀን ጉንፋን እንኳ አላለም።

ሰሃኖቹ መጡ። አንዱ ተቀበለ፣ ሁለተኛው ተቀበለ። ማህሌት ጋ ደረሰ። ልጅቷ ዓይኗ ገና ቀይ ነው፤ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ትሪው ላይ ያለውን እጄን አየችው። እኔም እጄን ሳላነሳ አየኋት። አስተናጋጇ ሰሃኑን ይዛ ትጠብቃለች።

ማህሌት በሁለት እጇ ተቀብላ "አመሰግናለሁ" አለች።